የልጄን ዳትሰን ዳሽቦርድ እንዴት እንዳለበስኩት

ልጄ መኪና ገዛሁ ብሎ ሲደውልልኝ ደህና ቶዮታ ነበር የጠበቅኩት። ደጅ ያቆመው ግን ዳትሰን 280ዜድ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 የተሠራ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያለው፣ አፍንጫው ረጅም ስፖርት መኪና። «እማዬ፣ ግቢ እስኪ» አለኝ። ገባሁ። እሱ ስለ ሞተሩ ያወራል፤ የእኔ ዓይን ዳሽቦርዱ ላይ ቀርቷል። ከፊት መስታወቱ ስር ከግራ እስከ ቀኝ ዝናብ እንዳጣ የመረሬ መሬት ተሰነጣጥቋል። ሰባት ስንጥቅ ቆጠርኩ። አንዱ ጣቴን አስገባ።

እዚህ ላስ ቬጋስ ሁለት ቦታ ጠየቅን። አንደኛው የጠራው ዋጋ ልጄ ለመኪናው ከከፈለው ሩብ ያህላል። ሁለተኛው «ፕላስቲክ ክዳን ከላዩ እንለጥፍበት» አለን። ክዳኑን አየሁት። የቆሸሸ ጠረጴዛ ላይ ለእንግዳ ዳንቴል ጣል እንደማድረግ ነው። መጥፎ ነው አልልም፤ ለሚሸጥ መኪና ይበቃል። ልጄ ግን ሊሸጠው አይደለም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ ሆቴል የዩኒፎርም ክፍል ውስጥ የአስተናጋጅ ጃኬት ሳጠባብ፣ የጥበቃ ሱሪ ሳሳጥር ነው የምውለው። አባቴ ደግሞ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ታፒሴሪ ቤት፣ የመኪና ወንበር የሚለብስበት ቤት፣ ነበረው። በአማርኛ የሚሰፋበትም መኪና ነው፣ የሚነዳውም መኪና ነው። እኛ ቤት «መኪናው ተበላሸ» ከተባለ «የትኛው?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነበር። ወንበር ሲለብስ እያየሁ ነው ያደግኩት። ዳሽቦርድ ግን ነክቼ አላውቅም ነበር። አሁን ሁለት ጊዜ ሠርቻለሁ። ሁለት ጊዜ የሆነው የመጀመሪያው ስለተበላሸብኝ ነው፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ይህ ሁሉ ኤርባግ ለሌለው አሮጌ መኪና ነው። በአዲስ መኪና ዳሽቦርድ ውስጥ የተሳፋሪው ኤርባግ ተደብቋል። ሽፋኑ የሚቀደድበት ቦታ ሆን ተብሎ ሳስቶ የተሠራ ነው፤ የሚሰፋበት ክርም ልዩ ነው። እናንተ በጠንካራ ክር ደህና አድርጋችሁ ብታለብሱት ኤርባጉ በሚፈለግበት ሰዓት በትክክል ላይወጣ ይችላል። እሱን ለባለሙያ ተዉት።

ለምን ይሰነጠቃል?

የዚህች መኪና ዳሽቦርድ ሦስት ነገር ነው። ከስር ብረት፣ መሐል ላይ ስፖንጅ፣ ከላይ ቀጭን የቪኒል ቆዳ። ቪኒል ሲወለድ ደረቅ ነገር ነው፤ የሚያለሰልሰው ዘይት መሰል ኬሚካል ተቀላቅሎበት ነው የሚለመልመው። ፀሐይ ሲበዛበት ያ ማለስለሻ ይተንና ይወጣል። አሮጌ መኪና መስታወት ላይ ከውስጥ በኩል እንደ ጉም የሚጋገር ቅባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ራሱ ነው። ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰበሰባል። ስፖንጁም ይኮማተራል። ብረቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ቆዳው ራሱን ጎትቶ ጎትቶ ይቀደዳል።

ሙቀቱን ቀላል አድርጋችሁ እንዳትገምቱት። በአሪዞና ቴምፒ ተሠርቶ በ2018 የወጣ ጥናት አለ። በበጋ ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ በአማካይ 69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ተገኝቷል። የእኛ ከተማ ደግሞ በሐምሌ 2024 በጥላ ስር ራሱ 48.9 ዲግሪ አይታለች። የዚህች መኪና ታላቅ እህት 240ዜድ በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አሸንፋለች። የኬንያን ኮረኮንች ችላ፣ የቬጋስን የመኪና ማቆሚያ ግን ዘሯ አልቻለውም።

ይህን የምነግራችሁ ለወሬ አይደለም። ከዚህ በኋላ የምትመርጡት ማስቲሽ፣ ክር፣ ስቱኮ ሁሉ ይህን ሙቀት መቻል አለበት። እኔ መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

ማውጣት

ዳሽቦርዱ መኪናው ውስጥ እንዳለ ላልብሰው ብትሉ መስታወቱ ስር እጃችሁ አይገባም። መውጣት አለበት። ይህን ልጄ ነው የሠራው፣ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀበት። የባትሪው ኔጌቲቭ መጀመሪያ ተፈታ። ከዚያ መሪው፣ የመሪው ዘንግ ሽፋን፣ የመሐሉ ኮንሶል፣ ሬዲዮው፣ መሳቢያው፣ የማሞቂያው መቆጣጠሪያ። የፍጥነት መቁጠሪያው ከኋላ በኬብል ነው የሚሠራው፤ እሱ በእጅ ይፈታል። የአየር ቱቦዎቹ ይነቀላሉ። ግራና ቀኝ በር አጠገብ ያሉት ብሎኖች ቀላል ናቸው። ከመስታወቱ ስር ያሉት ግን አጭር ካቻቢቴና ረጅም ትዕግሥት ይፈልጋሉ።

እያንዳንዱን የሽቦ ሶኬት ሳትነቅሉ ፎቶ አንሱት፤ ከዚያ በወረቀት ፕላስተር ላይ ቁጥር ጽፋችሁ ለጥፉበት፣ ሁለቱም ወገን ላይ። ልጄ «አስታውሰዋለሁ» አለ። «እኔ የአንተን የልደት ቀን ራሱ ጽፌ ነው የማስታውሰው» አልኩት። ብሎኖቹን በየስኒው ከፋፈልን፣ እያንዳንዱ ስኒ ስር ከየት እንደወጣ የሚል ወረቀት። ስድስት ስኒ ሞላ። ቡና የምንጠጣበት አጥተን ሰነበትን።

ዳሽቦርዱ ሲወጣ ከእነ ጌጆቹ፣ ከእነ መቁጠሪያዎቹ ማለቴ ነው፣ አንድ ላይ ነው የሚመጣው። ለሁለት ሰው ነው፤ ብቻችሁን አትሞክሩት። አሮጌው ስፖንጅ ደርቋል፤ ቢጠመዘዝ አዲስ ስንጥቅ ታወጣላችሁ። ወጥቶ ብርድ ልብስ ላይ ካረፈ በኋላ ጌጆቹን አንድ በአንድ አወጣን።

በሾፌሩ በኩል ከላይ የሻንሲ ቁጥሩ የተጻፈባት ትንሽ ሳህን አለች፣ በሪቬት የተመታች። እሷን አትንኩ። አሜሪካ ውስጥ የሻንሲ ቁጥር ማንሳትም ማበላሸትም በሕግ ያስጠይቃል። እኔ ፕላስተር ሸፍኜባት ነው የሠራሁት። ቆዳውን በዙሪያዋ ቆርጬ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፌ እንደ ኪስ አፍ አድርጌ ጨረስኩት።

ስንጥቁን መሙላት

መጀመሪያ እጠቡት። አሮጌ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ለዓመታት የሚያብረቀርቅ ሲሊኮን ቅባት ሲቀባ ነው የኖረው። ሲሊኮን ለማስቲሽም ለቀለምም ጠላት ነው። በሳሙና ውኃ፣ ከዚያ ከቀለም በፊት ቅባት ለማስለቀቅ በሚሸጠው ፈሳሽ ጥረጉት፣ በየጊዜው ጨርቁን እየቀየራችሁ። ይህ ሁሉ የብርጭቆ ወረቀት ከመንካቱ በፊት ነው። አለበለዚያ ቅባቱን ራሳችሁ ጭራችሁ ወደ ውስጥ ታስገቡታላችሁ።

አሮጌውን ቆዳ ሙሉ በሙሉ ልግፈፍ ወይስ ልተወው? ብዙ አሰብኩበት። ተውኩት። ከስሩ ያለው ስፖንጅ ቦታ ቦታው ላይ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል፤ ቆዳው ነው አቅፎ የያዘው። የተገለበጠውንና ከንፈር ያወጣውን ብቻ በምላጭ ቆርጬ አነሳሁ። እያንዳንዱን ስንጥቅ አፉን ሰፋ፣ ታቹን ጠበብ አድርጌ ፈለፈልኩት። ስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ብሱ። ስንጥቅ ከሹል ጫፍ ነው የሚቀጥለው፤ ክብ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

የመኪና ላሜራ የሚሞላበትን ስቱኮ እንዳትጠቀሙ። እሱ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ስፖንጁ በሙቀት ሲያብጥና ሲጨማደድ ድንጋዩ ይለያል፣ ስንጥቁ ከአዲሱ ቆዳ ስር ተመልሶ ይታያችኋል። የምትፈልጉት ለፕላስቲክ ፓራውልት መጠገኛ የሚሸጠውን ነው፤ ሁለት ቱቦ ሆኖ የሚደባለቅ፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ እጥፍ የሚል። በአንድ ጊዜ አትጠቅጥቁት። ስስ አድርጋችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ድጋሚ። እኔ ጥልቁን ስንጥቅ በሦስት ዙር ነው የሞላሁት።

ከዚያ መፈግፈግ ነው። በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምሩ፣ በ120፣ ቀጥሎ በ180 ጨርሱ። ወረቀቱን ጣት ላይ ሳይሆን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሉት፤ ጣት ጉድጓድ ያወጣል። ለስልሶ እንደሆነ በዓይን አትዩት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መዳፋችሁን አሳልፉበት። አባቴ ወንበር ሲጨርስ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፣ ዓይነ ስውር ይመስል። ከቆዳው ስር 3 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ብታነጥፉ ጉድለት ይደበቃል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ይደበቃል። ግን የዳሽቦርዱም ጠርዝ አብሮ ይደበቅና መኪናው ትራስ የነከሰ ይመስላል። እኔ አልወደድኩትም።

እግረ መንገዳችሁን ጠርዙን ሁሉ ትንሽ ትንሽ ፈግፍጉት፤ የጌጅ ቀዳዳውን፣ የመሳቢያውን አፍ፣ የአየር መውጫውን። አዲሱ ቆዳ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ሲታጠፍ ሁለት ይሆናል። ይህን ያልቆጠረ ሰው መጨረሻ ላይ መሳቢያው አልዘጋ ይለዋል።

ፓተርን (የመቁረጫ ልክ)

እዚህ ጋ ነው ወንበሬን ስቤ የተቀመጥኩት። ዳሽቦርድ አለበስኩ ብለው ከሚያሳዩት ሰዎች ብዙዎቹ አንድ ወጥ ቆዳ አሙቀው፣ ጎትተው፣ ለጥፈው ነው። ይሆናል፣ ዳሽቦርዱ ጠፍጣፋ ከሆነ። የዚህች መኪና ግን ሁለት ጥልቅ ጉድጓድ አላት፣ አንዱ ለፍጥነቱ፣ አንዱ ለሞተሩ ዙር። መሐል ላይ ደግሞ ሦስት ትንንሽ ጌጆች ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ጉብታ አለ። ቪኒል ተጎትቶ ጉብታ ላይ ይወጣል፣ ጉድጓድም ይገባል። ግን አይረሳም። ሲሞቅ ወደ ድሮ ቅርጹ መመለስ ይፈልጋል። ጉድጓዱ ላይ ይነሳና እንደ ከበሮ ተወጥሮ ይቀራል። አባቴ «የተለካ ጨርቅ ያለ ማስቲሽ ይቀመጣል፤ ያልተለካ በምስማርም አይቀመጥ» ይል ነበር። ማስቲሽ ይዞ ሊያቆየው እንጂ ሊጎትተው አይደለም የሚገባው።

ስለዚህ እንደ ቀሚስ ቁረጡት። ዳሽቦርዱን በምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ሸፍኑት። በላዩ የወረቀት ፕላስተር አጭር አጭር እየቆረጣችሁ ለጥፉ፣ አንድ ጊዜ በወርዱ፣ አንድ ጊዜ በቁመቱ። ረጅም አድርጋችሁ ከለጠፋችሁት ኩርባው ላይ ይጨማደድና ልኩን ያሳስተዋል። ሙሉ በሙሉ ሲሸፈን ስፌት የሚያልፍበትን መስመር በስክሪብቶ ሳሉ። ስፌት የሚቀመጠው ቅርጹ በሚሰበርበት ቦታ ነው፤ ጠፍጣፋው ሜዳ ላይ አይደለም። ልክ የቀሚስ ስፌት ጡትና ወገብ ላይ እንደሚያልፈው። እኔ አንድ ረጅም መስመር ከላይኛው ፊት ጠርዝ ላይ ከግራ እስከ ቀኝ አሳለፍኩ። የመሐሉን ጉብታ ለብቻው እንደ ኮፍያ ቆረጥኩት።

መስመሩን ከመቁረጣችሁ በፊት በየ5 ሴንቲ ሜትሩ መስመሩን የሚያቋርጥ አጭር ጭረት አድርጉ። ሁለቱ ቁራጮች ሲሰፉ ጭረት ከጭረት ይገናኛል። ኩርባው ላይ ጭረቱን በየ2 ሴንቲ ሜትሩ አድርጉት። ደግሞ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ «ላይ»፣ «ፊት»፣ «ግራ» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ በመስመሩ ቁረጡና ካርቶን ላይ ዘርጉት። ጠፍጣፋ አልዘረጋም ካለ፣ እዚያ ጋ ሌላ ስፌት ያስፈልገዋል ማለት ነው። እየነገራችሁ ነው፣ ስሙት። ለስፌት 12 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተዉ። ወደ ስር ለሚታጠፈው ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር።

አሁን ወደ ቪኒሉ አትሂዱ። መጀመሪያ በአቡጀዲ ስፉት። አቡጀዲ እዚህም አለ፣ የፈረንጅ ልብስ ሰፊዎችም ለሙከራ የሚጠቀሙት እሱን ነው። አቡጀዲ ስለማይለጠጥ ስህተታችሁን አይደብቅም። የእኔ የመጀመሪያው ሙከራ ጉብታው ላይ በግራ በኩል ተጨማደደ። 4 ሚሊ ሜትር ቀነስኩ። ሁለተኛው ልክ ሆነ፤ ያለ ማስቲሽ፣ ያለ ምንም፣ እንደ ጓንት ተቀመጠ። ልጄ በአቡጀዲ የለበሰውን ዳሽቦርድ አይቶ «ለገና የለበሰ ነው የሚመስለው፣ እንዲሁ እንተወው» ብሎ ሳቀ።

ቆዳው፣ ክሩ፣ መርፌው

እውነተኛ ቆዳ ያምራል። ግን ፀሐይ ላይ ይሰበሰባል፣ የአሪዞናና የኔቫዳ ፀሐይ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ለመኪና ውስጥ ተብሎ የተሠራ፣ በሁለቱም አቅጣጫ የሚለጠጥ ቪኒል ገዛሁ፣ 2 ያርድ። ከሶፋ መደብር ርካሹን ብታመጡ አንድ በጋ አይሻገርም። ቀለሙ ጥቁር፣ የማያብረቀርቅ ይሁን። የሚያብረቀርቅ ዳሽቦርድ መስታወቱ ላይ ይንጸባረቃል። ልጄ ከሰዓት በኋላ በቻርልስተን መንገድ ከከተማው በስተ ምዕራብ ወዳለው ሬድ ሮክ ሸለቆ ሲወጣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ናት፤ በዚያ ላይ የዳሽቦርድ ነጸብራቅ ሲጨመርበት መንገዱ አይታይም።

ክሩ የፖሊስተር ይሁን፣ ወፍራሙ። ጥጥ በፀሐይ ይበሰብሳል፤ ናይለንም ከፖሊስተር ቀድሞ ይደክማል። መርፌ 18 ቁጥር ተጠቀምኩ። የስፌት መኪናችሁ ላይኛው እግር እንደ ታችኛው ጥርስ አብሮ የሚራመድ ዓይነት ካልሆነ ሁለቱ ቪኒሎች እኩል አይሄዱላችሁም። መርፌው ስር ያለው ይቀድማል፣ ጭረቶቹም አይገናኙም። ቪኒል ደግሞ ስህተት ይቅር አይልም፤ መርፌ አንዴ የበሳው ቀዳዳ እንደተበሳ ይቀራል። ስለዚህ በስፒል አትያዙት። እኔ የወረቀት መያዣ ቅንጥብ ነው የተጠቀምኩት።

መጀመሪያ ፊት ለፊት ገጥማችሁ ስፉ። ከዚያ ትርፉን ግራና ቀኝ ክፈቱትና ከጀርባው ስስ የጨርቅ ጥብጣብ አስቀምጡበት። ከላይ በኩል ከስፌቱ ግራና ቀኝ 3 ሚሊ ሜትር ርቃችሁ ሁለት መስመር ስፉ፣ ጥልፉ ረዘም ብሎ 5 ሚሊ ሜትር። ይህ ለውበት ብቻ አይምሰላችሁ፤ ትርፉ ከስር ተጠፍጥፎ እንዲተኛ የሚያደርገው እሱ ነው። ክሩን ልጄ ቀይ ይሁን አለ። እኔ ጥቁር በጥቁር ነበር የፈለግኩት። መኪናው የእሱ ነውና ቀይ ሆነ። ቀይ ክር ላይ የተጣመመ ስፌት ከሩቅ ይታያል፤ ስለዚህ ያን ቀን ቡና ጠጥቼ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ሻይ ብቻ ጠጣሁ።

ማስቲሹ

አሁን ውርደቴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ ለእጅ ሥራ የሚሸጥ የሚረጭ ማጣበቂያ ከአንድ መደብር ገዛሁ። ጣሳው ላይ «ለጨርቅ፣ ለስፖንጅ፣ ለቪኒል» ይላል። ስለ ሙቀት ምንም አይልም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ለጠፍኩት፣ አማረ። ልጄ ገጥሞ ለጓደኞቹ አሳየ። ሰኔ ሲያልቅ ሦስት ቀን ውጭ አቆመው። በሦስተኛው ቀን ጠራኝ። የሾፌሩ ጉድጓድ ዙሪያ ቆዳው እንደ ቂጣ ተነፍቷል። ስጫነው ይገባል፣ ስለቀው ይነሳል። ማስቲሹ ከስር እንደ ማር ለስልሷል። ሁሉንም ገፈን፣ አሮጌውን ማጣበቂያ በጣት እያንከባለልን አነሳን። ሁለት ሳምንት ሄደ። ቪኒሉም ስለተጎተተ ድጋሚ ተቆረጠ።

የምትፈልጉት ለመኪና ጣሪያና ለዳሽቦርድ ተብሎ የሚሸጥ፣ ሙቀት የሚችል ማስቲሽ ነው። መመሪያው ላይ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚይዝ ተጽፏል። ከ69 ዲግሪ በደንብ የራቀ ካልሆነ መልሱት።

ጋራዡን ክፈቱት። የኬሚካል ጭስ የሚያጣራ ማስክ አድርጉ፤ የአቧራ ማስክ ለዚህ አይሠራም። እዚህ አገር ብዙ ቤት የጋዝ ውኃ ማሞቂያው ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ትንሿ እሳት ቀን ከሌት ትነድዳለች። ከመጀመራችሁ በፊት አጥፏት። የማስቲሽ ጭስ ከእሳት ጋር ቀልድ የለውም። እኛ ማለዳ 11 ሰዓት ተነስተን ነው የጀመርነው፤ በቀን ሙቀት ማስቲሹ አየር ላይ እያለ ይደርቃል።

ሁለቱንም ቀቡ፣ ዳሽቦርዱንም የቪኒሉንም ጀርባ። ስስ አድርጋችሁ፣ ሲደርቅ ደግሞ ሁለተኛ ዙር። ከዚያ ጠብቁ። የጣታችሁን ጀርባ ስታስነኩት የሚይዝ ግን የማይከተል ሲሆን ደርሷል። እርጥብ እያለ ከገጠማችሁት ፈሳሹ ውስጥ ይታፈንና በሙቀት ቀን አረፋ ይሆናል።

ሁለቱ ከተነካኩ ወዲያ መላቀቅ የለም። ስለዚህ መሐላቸው የብራና ወረቀት አነጠፍን፣ የዳቦ መጋገሪያውን። መጀመሪያ ረጅሙን ስፌት ዳሽቦርዱ ጠርዝ ላይ አስተካክለን መሐሉን ብቻ አስያዝን። ከዚያ ልጄ ወረቀቱን ቀስ እያለ ይስባል፣ እኔ በመዳፌ ከመሐል ወደ ዳር እጫናለሁ። ሁልጊዜ ጉድጓዱን ቀድማችሁ አስገቡ፣ ጉብታው ኋላ ይመጣል። ጉብታውን ቀድማችሁ ከያዛችሁት ወደ ጉድጓዱ የሚገባ ቆዳ አይተርፋችሁም።

ኩርባው ላይ እምቢ ካለ በሂት ገን፣ ትኩስ አየር በሚነፋው መሣሪያ፣ አሙቁት፤ የፀጉር ማድረቂያም ለትንሽ ቦታ ይሠራል። አንድ ቦታ ላይ አታቁሙት። ቪኒል ሲበዛበት ያብረቀርቃል፣ ቆዳ የሚያስመስለው ሻካራ ገጹ ይጠፋል፣ ከዚያ አይመለስም። በእጅ ሲነካ የሞቀ ዳቦ ያህል ይበቃዋል። የአየር መውጫ ቀዳዳዎቹ ጋ ቆዳውን እንደ ኮከብ ሰንጥቁትና ጫፎቹን ወደ ውስጥ አጥፉ። ስንጥቁ ጠርዙ ድረስ እንዳይደርስ፤ 3 ሚሊ ሜትር አስቀሩ። እዚያ ከተሳሳታችሁ ቀዳዳው ከፊት ይታያል።

ቀለም

የሁለቱን ጥልቅ ጉድጓዶች አፋቸውን እንጂ ውስጣቸውን እስከ ታች አላለበስኩም። ቆዳ እዚያ ድረስ ከገባ ጌጁ አይመለስም። እነሱን ቀለም ቀባናቸው። ለቪኒልና ለፕላስቲክ የሚሸጥ ቀለም አለ፤ እንደ ቆዳው አብሮ የሚተጣጠፍ። መጀመሪያ በ320 ቁጥር ወረቀት አለሰለስን፣ አጠብን፣ ቀለም እንዲይዝ የሚረዳውን ፈሳሽ ረጨን፣ ከዚያ ቀለሙን። ከ25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት፣ እጅ ሳይቆም፣ ስስ ስስ አድርጎ አራት ዙር። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ አስቀያሚ ነው፣ አትደንግጡ። አንድ ጊዜ አወፍራለሁ ያለ እንባ ያወርዳል። ስንጥቃችሁ ትንሽ ከሆነና ማልበስ ካልፈለጋችሁም ይህ መንገድ ብቻውን ይበቃል፤ ስንጥቁን ሞልታችሁ፣ የቆዳን ሻካራ ገጽ የሚያስመስል የሚረጭ ነገር ከላይ አድርጋችሁ፣ ቀለም ትቀባላችሁ። በቅርብ ያየ ሰው ያውቀዋል። ከሾፌር ወንበር ግን አይታወቅም።

መመለስ

ሁለት ቀን አሳደርነው። ከዚያ በወጣበት መንገድ፣ ከኋላ ወደ ፊት። ብሎኖቹን መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ ብቻ አስይዙ፤ አንዱን አጥብቃችሁ ሌላው ጋ ስትሄዱ ቀዳዳው አይገጥምም። ባትሪውን መልሳችሁ ከመግጠማችሁ በፊት የመብራቱን፣ የፍሬቻውን፣ የጌጆቹን ሶኬት በፎቶው እያያችሁ አረጋግጡ።

ካለቀ ወዲህ ሁለት በጋ አልፎታል። መስታወቱ ላይ የፀሐይ መከላከያ ይዘረጋል፤ ልጄ ሲረሳ ደውዬ እጠይቀዋለሁ። የሚጸዳው በእርጥብ ጨርቅና በትንሽ ሳሙና ነው፣ የሚያብረቀርቅ ቅባት እዚህ ቤት አይገባም። ባለፈው ነሐሴ ጉድጓዶቹን ሁሉ በጣቴ ዞርኩ፤ የተነሳ የለም። ስድስተኛው ስኒ ውስጥ አንዲት ብሎን ቀርታለች። ልጄ «የሰዓቱ ናት» ይላል። ሰዓቱ ደግሞ ስንገዛውም አይሠራም ነበር።